ከጉድጓዱ አልነሳም

ማርሴይ፣ ማርች 14 ቀን 1994

ይድረስ ለአሽከሬ ለኖአጋ ዙንግራና፣ ቱጋን

አንተ የውሻ ጭንቅላት ሌባ፣ ለመሆኑ አለህ? እኔ ጌታህ ደህና ነኝ። ብርዱን ሙሉ ጉንፋን ሲያመላልሰኝ ከርሞ አሁን ለቆኛል። ወገብህን፣ ጉልበትህን፣ ያንን ክፉ ምላስህንም ሳይቀር አምላክ ይጠብቅልኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ ሌላ አሽከር ፍለጋ መውጣት አልችልም።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ወር ሊሞላው ነው። ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርግልኝ። የጠየቅከኝን ሳላረጋግጥ መመለስ ስላልፈለግሁ ነው። ትናንት ፊልሙ ላይ የምትታይበትን ሰዓት ይዤ ለካሁት፤ አራት ደቂቃ ከአስር ሴኮንድ አለህ። ከዚያ ውስጥ ሦስቱን ደቂቃ የምትታየው ተኝተህ ነው። በኑሮህም እንደዚያው ስለሆንክ ትወናው አልከበደህም።

ስለ ሥራዬም ጠይቀኸኛል። ጠዋት ጠዋት አንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን አጥባለሁ። ከምሳ በኋላ ከአንድ ፎቶ ቤት ጀርባ በተከራየናት ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ቱጋን ላይ ያነሳነውን ፊልም እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ፣ መልሼ እቆርጣለሁ። እዚህ አገር በኖርኩበት አስራ አንድ ዓመት ሦስት አጫጭር ፊልሞች ሠርቻለሁ። አንዱን ያዩት ዘጠኝ ሰዎች ናቸው፣ ከእነሱም ሁለቱ ዝናብ አባርሯቸው የገቡ ነበሩ። በፈረንሳይ ቴሌቪዥን ደግሞ ሁለት ጊዜ ዘበኛ፣ አንድ ጊዜ ሬሳ ሆኜ ታይቻለሁ። ይኼኛው ግን የመጀመሪያው ረጅም ፊልሜ ነው። በሌላው እንደፈለግህ ተሳለቅ፣ በእሱ ግን ተወኝ።

ፕሮዲውሰሬ ማዳም ካስተላን ለገንዘብ ሰጪዎች የምትነግራቸው እንዲመቻት ታሪኩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገረኝ አለችኝ። «ከውጭ አገር ለእናቱ ቀብር የመጣ ልጅ መቃብሯ ውስጥ አንድ የሞሲ ጎሳ ሰው ተኝቶ ያገኛል» አልኳት። ሞሲው ሞቷል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እሱ ቢሞትማ እኔ ባረፍኩ አልኳት፤ ግራ ገባት።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትኮራብኝ እንጂ። እናቴ ስትቀበር እኔ እዚህ ሳህን አጥብ ነበር፤ የአውሮፕላን መሳፈሪያ አልነበረኝም። አንተ ጉድጓዷ ውስጥ ገብተህ ተኝተህ «ይህ ቦታ የእኔ ነው፣ ለእሷ ሌላ ፈልጉላት፣ ጠላዋ ቀጭን ስለነበር ጠባብም ይበቃታል» ማለትህን አጎቴ ጻፈልኝ። ደብዳቤውን አውቶቡስ ላይ አንብቤ ሰው ፊት እየሳቅሁ አለቀስኩ። ፊልሙ የተወለደው ያን ዕለት ነው።

ስለ አውቶቡስ ካነሳሁ አይቀር፣ ባለፈው ሳምንት እዚያው ከካያ ከተማ ከመጣ አንድ ሞሲ ጋር ተገናኘን። ስሙንና ስሜን ከተለዋወጥን በኋላ ወዲያው ባሪያዬ ነህ፣ የለም አንተ ነህ፣ አያቶቻችን የተጣሉበትን የውሻ ጭንቅላት መልስ መባባል ጀመርን። ሾፌሩ አውቶቡሱን አቁሞ ፖሊስ ልጥራ አለ። ሁለቱ ጎሳዎቻችን፣ ሞሲና ሳሞ፣ ከአያት የወረሱት የመሰዳደብ ዝምድና ስላላቸው ተገናኝተው ካልተሰዳደቡ አንደኛው ታሟል ማለት ነው ብለን ለማስረዳት ሁለት ፌርማታ ፈጀብን።

ዕድሜህን ሙሉ ፊልም ያሳየህበት ሲኒማ ኔሬ እንዴት ነው? ግድግዳው ቆሟል? ጻፍልኝ።

ጌታህ፣ ዜፊሪን ቶኤ


ቱጋን፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1994

ከፈረንጅ አገር እንደወጣ ለቀረው አሽከሬ ለዜፊሪን

የእኔ ሳህን አጣቢ፣ ደህና ነህ? እኔ ደህና ነኝ፣ ባለቤቴም ደህና ናት፣ አህያዬም ሰላም ብላሃለች። ከሁላችሁም ሳሞዎች ይልቅ የምታስበው እሷ ናት።

ይህ የእጅ ጽሕፈት የእኔ እንዳልሆነ አይተሃል። ጣቶቼን ቁርጥማት ስለያዘኝ እየተናገርኩ የሚጽፍልኝ ሰው ቀጥሬአለሁ። የትምህርት ቤቱ መምህርት ሶላንዥ ፓሬ ናት። እሷም እንዳንተው ሳሞ ስለሆነች የምትጽፈው ሁሉ የእኔ ይሁን አይሁን ማረጋገጫ የለኝም። (ሶላንዥ ነኝ። አልተቀጠርኩም፣ በነፃ ነው የምጽፍለት። ጣቶቹም ምንም አልሆኑም፤ አሁን ይህን እያለ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ ነው።)

አራት ደቂቃ ከአስር ሴኮንድ! ለሥጋ ሻጩም፣ ለልብስ ሰፊውም፣ ለከንቲባው ሾፌርም ነግሬአለሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመት በሲኒማ ኔሬ የሌላውን ሰው ፊት ግድግዳ ላይ ሳወጣ ኖሬአለሁ። የራሴ ሲወጣ ከታች ቁጭ ብዬ ጠላ እየጠጣሁ አያለሁ። የፊልም ማሳያ ማሽኑን ለወንድሜ ልጅ አስረክቤአለሁ፤ ወገቤ ደረጃውን እምቢ አለ። ግድግዳው ቆሟል። ቅዳሜ ቅዳሜ የካራቴ ፊልም ያሳያሉ፣ ሕዝቡም ሲወጣ እርስ በርሱ ይራገጣል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ያን ዕለት ፊልም ስናነሳ እኔ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቼ ስሳደብ «ካት» ብለህ ጮህክ። ሰዉ ሳቀ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። ጅግራዬስ? ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሞሲ የሟች ቤተሰብ ጅግራ በእጁ ሳያስይዘው እንደማይነሳ ፈረንጅ አገር ስትኖር ረሳኸው? በእውነተኛው ቀብር ላይም አጎትህ «ልጇ ሲመጣ ይሰጥሃል፣ ሰዉ ፀሐይ ላይ ቆሟል» ብሎ ስለለመነኝ በዱቤ ነው የተነሳሁት። ስለዚህ በእውነትም በፊልምም፣ በሁለቱም ጉድጓድ ውስጥ አሁንም ተኝቻለሁ። ያንተ ፊልም ለምን አላልቅ አለ ብለህ ከተጨነቅህ መልሱ ይኸው።

ጌታህ ኖአጋ


ማርሴይ፣ ጁን 2 ቀን 1994

ውድ ኖአጋ

እንደምን ከርመሃል? ሁላችሁም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ሥራው ቀጥሏል። በዚህ ወር ማዳም ካስተላን ፊልሙን ለስድስት ሰዎች አሳይታው ነበር። ጥሩ ጥሩ አስተያየት ሰጥተዋል። አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያም ሊገዛው ይፈልጋል፣ ትልቅ ዕድል ነው። አንዳንድ ማስተካከያ ብቻ ይቀራል።

ልልክልህ ያሰብኩትን ፎቶግራፍ አሁን መላክ አልቻልኩም፣ ይቅርታ። ስለ ጉድጓዱ ትዕይንት ያነሳኸውን በሌላ ደብዳቤ እመልስልሃለሁ።

ለሁሉም ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ዜፊሪን


ቱጋን፣ ጁን 28 ቀን 1994

ለዜፊሪን

ምን ሆነሃል?

ሶላንዥ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። ስድቡ ከታች ይሆናል ብዬ እስከ መጨረሻው ጠበቅሁ። የለም። ፖስታውን ቀድደን ውስጡን አየን። እዚያም የለም። «እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ይላል። እንዲህ የሚጽፈው ሆስፒታል የተኛ ሰው ወይም የቀበሌ ጸሐፊ ነው። (እውነቱን ነው። እኔም ደንግጬአለሁ።)

ባለቤቴ ታሞ ነው አለች። እኔ ደግሞ አግብቶ ነው አልኩ። ሶላንዥ ግን ሌላ ነገር ጠርጥራለች። ደብዳቤህን ለሦስተኛ ጊዜ አንብባ፣ ስለ አራቱ ደቂቃ ስንጽፍለት ስለ ቴሌቪዥን መለሰልን አለችኝ። መምህርት ናት፣ የቤት ሥራውን ያልሠራ ተማሪ ታውቃለች።

እኔና አንተ እኮ ምን እንደሆንን ታውቃለህ። ወንድሜ የማይነግረኝን አንተ ልትነግረኝ ትችላለህ፣ አልቆጣም። መቆጣት አልችልም፣ ክልክል ነው። አንተም እኔ የጠየቅሁህን መከልከል አትችልም። ስለዚህ ጠይቄሃለሁ። ንገረኝ።

ደግሞም ስትጽፍ ስደበኝ። ያለ ስድብ የመጣ ደብዳቤ አላስነብብም፣ አህያዬ ትበላዋለች።

ጌታህ ኖአጋ


ማርሴይ፣ ጁላይ 20 ቀን 1994

ለኖአጋ፣ ለአሮጌው የአህያ ባል

ይኸው ሰደብኩህ። የሚቀጥለውን ካነበብክ በኋላ አንተም ስትሰድበኝ ትንሽ ራራልኝ።

የለህበትም። አራቱንም ደቂቃ ቆርጬዋለሁ።

ማዳም ፊልሙን ያሳየቻቸው ስድስቱ ሰዎች ሁሉ ያነሱት ያንተን ነገር ነው። ይህ ሰው ሟቿን ለምን ይጠላታል? ሐዘንተኛው ልጅ ለምን አይመታውም? ቄሱስ ቆሞ ለምን ይስቃል? አንዲት ሴት ስለ ጨካኝ መንደር የተሠራ ፊልም መስሏት ወጥታ ሄደች። የቴሌቪዥኑም ሰውዬ ፊልሙን እንደሚገዛ፣ ያ ሰካራም መቃብር ውስጥ የሚተኛበት ቦታ ግን መውጣት እንዳለበት ነገረን። ሰካራም ያለው አንተን ነው፤ እዚያ ላይ ግን ብዙ አልተሳሳተም።

ለማስረዳት ሞከርኩ። ስለ ሞሲና ሳሞ ነገርኳቸው፣ ስለ ውሻው ጭንቅላት ነገርኳቸው። ባወራሁ ቁጥር ፊታቸው ላይ የማየው ትዕግሥት ብቻ ነበር። ማዳምም እኔን ለመጉዳት ብላ አልነበረም፤ ቤቷን አስይዛ ነው ፊልሙን ያስጀመረችው። አራት ደቂቃ ሰጥተን ፊልሙን እናድን አለችኝ። እኔም እሺ አልኩ። ማንም እጄን አልያዘኝም። መቀሱን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ጥቅልሉንም መሳቢያ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። አሁን ልጁ ይመጣል፣ እናቱን አፈር ያለብሳል፣ ያለቅሳል፣ ይሄዳል። ንጹሕ ሆኗል። ባየሁት ቁጥር የሌላ ሰው እናት የተቀበረች ይመስለኛል።

አፈርኩ። ከሁሉ ያሳፈረኝ ለሥጋ ሻጩና ለልብስ ሰፊው መንገርህ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን ሞሲ ይቅር የሚለው ምን ሲሰጡት እንደሆነ አላውቅም።

ዜፊሪን


ቱጋን፣ ኦገስት 15 ቀን 1994

ለዜፊሪን፣ መቀስ ለያዘው አሽከሬ

ጌታህ ደህና ነኝ። ዝናቡ ጥሩ ነው፣ ማሽላው ወገብ ደርሷል።

ደብዳቤህ ሲነበብልኝ በጣም ሳቅሁ። መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ከዚያ ጠላ አስመጣሁ። (ያስመጣውን ጠላ ሳይቀምሰው መሸ። ይህን ጻፊ አላለኝም።) አልተቆጣሁህም። አንተ ግን ሞኝ ነህ። ሞሲን ከጉድጓድ በመቀስ አስወጥቶ የሚያውቅ ሰው የለም። በጅግራ ነው የሚወጣው።

ለእመቤትህ ደብዳቤ ጽፌላታለሁ፣ አብሮ ታሽጓል። ቁጭ ብለህ ጮክ ብለህ አንብብላት። አንድም ቃል እንዳታሳምር። መከልከል እንደማትችል ታውቃለህ።

ጌታህ ኖአጋ

ለማዳም ካስተላን፣ ማርሴይ

ጤና ይስጥልኝ እመቤቴ። ስሜ ኖአጋ ነው። ጉድጓድ ውስጥ የሚተኛው ሰካራም እኔ ነኝ።

አሽከሬን ዜፊሪንን እርስዎ ዘንድ ማሠራትዎን ሰምቻለሁ። ሲወስዱት እኔን አላስፈቀዱም፤ ይሁን፣ ብዙ የሚጠቅም አሽከር አይደለም። የአሽከሬ አሠሪ ግን ዘመዴ ስለሆነች ከእንግዲህ እርስዎንም የመስደብ መብት አለኝ። ደብዳቤ ላይ ስለሆንን ለዛሬ ትቼዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እርስዎ ዘንድ ሰው ሲሞት የሚያስቅ ማን ነው? ማንም ከሌለ ሐዘንተኛው ከጉድጓዱ አፍ እንዴት ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል?

የዜፊሪንን እናት ሠላሳ ዓመት አውቃታለሁ። ሠላሳ ዓመት ጠላዋን ጠጥቼ፣ ሠላሳ ዓመት ቀጭን ነው ብያታለሁ። እሷም ሠላሳ ዓመት ሙሉ አተላውን ለእኔ አስቀምጣለች። የሞተች ዕለት ልጇ አልነበረም። ሰዉ ተሰብስቦ እንቅበራት፣ ፀሐይ በረታ አለ። እኔ ገብቼ ተኛሁ። ከላይ ሆነው ጅግራ ፍለጋ ነው ብለው ሳቁ። እኔ ግን ከታች ሆኜ የመኪና ድምፅ እሰማ እንደሆነ ጆሮዬን እቀስር ነበር። የምወደው ልጅ ምናልባት መንገድ ላይ ይሆናል፣ ትንሽ ላቆይለት ብዬ ነው። የማውቀውን ስድብ ሁሉ ጨረስኩ። ሁለት ጊዜ ደገምኩት። መኪና አልመጣም።

ያንን ሰካራም ካላሳዩ አያሳዩ። ጠላት ነው ግን አይበሉ።

ኖአጋ ዙንግራና፣ ጡረታ የወጣ ፊልም አሳዪ

(ሌላ ወረቀት። ዜፊሪን፣ ሶላንዥ ነኝ፤ ይህን እንደምጽፍልህ አያውቅም። ቁርጥማት የሚባል ነገር የለም። ዓይኑ ነው። ሁለቱንም ሞራ ጋርዶታል። ግራው ጠፍቷል፣ ቀኙ ሰውን እንደ ጥላ ነው የሚያየው። ባለቤቱና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው። ሐኪም ጋ እንውሰድህ ስንለው ፊልሙን ሳላይ ዓይኔን የሚነካ የለም፣ ቢያበላሹትስ ይላል። እንደነገርኩህ እንዳትነግረው፣ ግን ፍጠን።)


ማርሴይ፣ ኦክቶበር 3 ቀን 1994

ለኖአጋ፣ ደብዳቤ ጽፎ ለማያውቀው ታላቅ ጸሐፊ

አንተ ቀጣፊ ሞሲ፣ ሠላሳ ዓመት ጅግራ ፈላጊ መስለህ ኖርክ!

ደብዳቤህን እንዳዘዝከኝ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «የአሽከሬ አሠሪ ዘመዴ ናት» ያልከው ላይ ስደርስ ሳቀች። የመኪና ድምፅ ያልከው ላይ ስደርስ ግን ማንበብ አልቻልኩም። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ የቀረውን ራሷ አነበበችልኝ። እኔ እኮ ይህን አላውቅም ነበር። አጎቴ የጻፈልኝ ስድቡን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ሰውዬውን ላየው እፈልጋለሁ አለች። ጥቅልሉን ከመሳቢያ አውጥቼ አሳየኋት። ቀድሞ አሥር ጊዜ ያየችው ነገር ነው፤ አሁን ግን ሌላ ሰው የምታይ ይመስል ነበር። አባቷ የተቀበረ ዕለት ቤተሰቡ ሁሉ ጥቁር መነጽር አድርጎ ዝም ብሎ እንደቆመ፣ እሷም ለሁለት ዓመት ከዚያ ቦታ እንዳልተነሳች ነገረችኝ። ከዚያም ወደ መቀሱ እያየች «መልሰው» አለችኝ።

የቴሌቪዥኑ ሰውዬ ሄዷል። እሷም ያስያዘችውን ቤቷን ገና ከዕዳ አላስለቀቀችም፤ እንደምንም ይሆናል ትላለች፣ እኔም የምሽት ሥራ ጨምሬአለሁ። አንተ ግን ተመልሰሃል። እንዲያውም ጆሮህን የምትቀስርባት አንዲት ቅጽበት አግኝቼ ጨምሬበታለሁ። ሳነሳት ዝንብ ያስቸገረህ መስሎኝ ጥዬአት ነበር። አሁን አራት ደቂቃ ከሃያ ሦስት ሴኮንድ ሆነሃል።

ፊልሙን ለዋጋዱጉ ፌስቲቫል ተቀብለውታል፣ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ግን ቱጋን ይታያል፣ በሲኒማ ኔሬ። ራሴ ይዤው እመጣለሁ። ለምን እንደቸኮልኩ አትጠይቀኝ፤ እንዲሁ ቸኩያለሁ። ግድግዳውን ኖራ አስቀቡት፣ አንተም ከፊት ተቀመጥ።

ጌታህ፣ ዜፊሪን


ቱጋን፣ ጃኑዋሪ 6 ቀን 1995

ለሚመጣው አሽከሬ

ኖራው ተቀብቷል። ሶላንዥ ተማሪዎቿን ይዛ ነው የቀባችው፣ ግማሹን ኖራ ልብሳቸው ላይ። (ግድግዳው እንደ ወተት ነጥቷል። እሱ ዳሰሰው።)

አሁን ምክሬን ስማ። ጥቅልሎቹን በታክሲው ጣሪያ ላይ አትጫን፣ ጭንህ ላይ ያዛቸው። ሾፌሩ ከፍየሎቹ ጋር ላስቀምጣቸው ካለህ ሌላ መኪና ጠብቅ። ከደረስክ በኋላ ፊልሙን አንድ ሌሊት ቀዝቃዛ ቤት አሳድረው። ጅግራውን ከመንገድ እንዳትገዛ፤ የመንገድ ጅግራ አጥንት ብቻ ነው። ከገበያ እኔ እመርጣለሁ፣ አንተ ትከፍላለህ። ሁለት ናቸው፣ አትርሳ።

ስለ ጤናዬ ልትጠይቀኝ አስበህ ከሆነ፣ ምንም የለብኝም። (ፍጠን።)

ጌታህ ኖአጋ


ማርሴይ፣ ኤፕሪል 2 ቀን 1995

ለኖአጋ፣ ሁለት ጅግራ ለበላው ሆዳም

በሰላም ገብቻለሁ። ሻንጣዬ ግን ሦስት ቀን ዘግይቶ ደረሰ፤ ሚስትህ የቋጠረችልኝ የሱምባላ ቅመም ሽታው ጉምሩኩን ሁሉ ሞልቶት ስለነበር ከፍተው አይተውታል።

ዋጋዱጉ ምን እንደሆነ ለመስማት እንደምትጓጓ አውቃለሁ፣ አልተሸለምንም። አዳራሹ ግን ሞልቶ ነበር። ጉድጓዱ ላይ ስንደርስ ሳሞዎቹ በአንድ ወገን ሞሲዎቹ በሌላ ወገን ሆነው ሲሰዳደቡ የፊልሙ ድምፅ አልሰማ አለ። ከፊት የተቀመጡት እንግዶች ጠብ መስሏቸው በር በር ያዩ ጀመር። ማዳም ግን ከመካከላቸው ተነስታ ትስቅ ነበር። አንድ የቤልጅግና አንድ የካናዳ ሰው ፊልሙን ለከተማቸው ጠይቀውናል፤ የቤልጅጉ ሰው ቀብድ ስለከፈለ የማዳም ቤት ለዚህ ዓመት ተርፏል። እሷም በየሳምንቱ ዘመዴ እንዴት ነው ትለኛለች።

እኔ ግን የማስበው ዋጋዱጉን አይደለም። ቱጋንን ነው። ከፊት ወንበር ላይ አንገትህን ቀና አድርገህ ተቀምጠህ፣ ገና ሲጀምር ለወንድምህ ልጅ «ጠርዙ ፈዟል፣ ወደ ቀኝ አዙረው» ብለህ ስትጮህበት ደስ አለኝ። ልክ ነበርክ፣ ፈዞ ነበር። ያን ጊዜ ስለ ዓይንህ የሰማሁት ሁሉ ውሸት መሰለኝ። አዎ፣ ሰምቼ ነበር። ሶላንዥን እንዳትቆጣት።

ከዚያ ያንተ ተራ ደረሰ። ግድግዳው ላይ አንተ ጉድጓድ ውስጥ እንደተኛህ፣ እውነተኛው አንተ ደግሞ ተነስተህ ሄደህ ከግድግዳው ሥር መሬት ላይ ተዘረጋህ። የቱጋን ሰው ሁሉ በሳቅ አበደ። ማሽኑ ቆመ። አንተ ደግሞ አልነሳም አልክ። እኔም ሁለቱን ጅግራ አንጠልጥዬ ወንበሮቹን አልፌ መጣሁ። እጅህ ላይ ሳስይዝህ ጎትተህ ዝቅ አደረግከኝና በጆሮዬ ያልከኝን ከእኔ በቀር ማንም አልሰማም።

«በል አሁን እናትህ ተቀበረች። ወደ ቤትህ ሂድ።»

ያን ዕለት ስለ ማልቀሴ ለሰው ሁሉ ማውራትህን ሰምቻለሁ። አውራ፤ እኔም ለሁሉም አውርቼዋለሁ። ከእናቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም፣ እወድሃለሁም። ይኸው ጻፍኩት፣ ለሥጋ ሻጩም አስነብበው።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ሲያበቃ ልጁን ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ሸሚዝ ምን ዓይነት ቀለም ነው ብለህ ለምን ጠየቅከኝ?

ጌታህ፣ ዜፊሪን


ቱጋን፣ ጁን 11 ቀን 1995

ለዜፊሪን

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ፊደሉ ቢተልቅና መስመሩ ቢጎብጥ አትሳቅ፤ ከዓመት በላይ ሥራ ፈትቶ የኖረ እጅ ነው። ሶላንዥ የለችም። በዚህ ደብዳቤ መሐል ቅንፍ ከፍታ የምትገባ ሳሞ የለችም፤ ዕረፍት ነው።

አሽከሬ፣ እኔ ፊልሙን አላየሁትም።

አንተ ስትመጣ ቀኙም ዓይኔ አብቅቶለት ነበር። ብርሃን መኖሩን ብቻ ነበር የማውቀው። ጠርዙ መፍዘዙን ያወቅሁት በሕዝቡ ነው። ምስሉ ሲደበዝዝ ሰው ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሰምቼዋለሁ። ወደ ቀኝ ያልኩት የእኛ ማሽን ሁልጊዜ ወደ ግራ ስለሚሸሽ ነው። ተራዬ መድረሱንም ያወቅሁት የራሴን ድምፅ ስሰማ ነው። እንዴት ያለ ክፉ ድምፅ አለኝ! ግድግዳው ሥር ሄጄ የተኛሁት ለጅግራው ብቻ እንዳይመስልህ። ፊቴ የወጣበትን ቦታ ማየት ካልቻልኩ በጀርባዬ ልንካው ብዬ ነው።

ያን ጊዜ አልነገርኩህም። ከማርሴይ ድረስ ጥቅልሉን ጭንህ ላይ ይዘህ መጥተህ፣ ለዕውር አሳየሁ እንድትል አልፈለግሁም።

ከዚያ በኋላ ግን ሰበብ አለቀብኝ። ፊልሙ ታይቷል አይደል ብላ ሶላንዥ በሞተር ሳይክሏ ጀርባ አስራኝ ወደ ዋሂጉያ ከተማ ወሰደችኝ። የዓይን ሐኪሞች መጥተው ነበር። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየሁት እሷን ነው። እንዳሰብኩት አስቀያሚ ናት፤ ነገርኳት፣ እሷም አለቀሰች። ባለቤቴ አርጅታለች፣ አህያዬ ግን አላረጀችም። ጅግራዎቹን አልበላኋቸውም። አንደኛዋ እንቁላል ትጥላለች፣ ሌላዋ ቀኑን ሙሉ ትጮሃለች፣ ስሟንም ዜፊሪን ብያታለሁ።

ትናንት ብቻዬን ወደ ሲኒማ ኔሬ ሄድኩ። በቀን ነው፣ ማንም የለም። ከፊት ወንበር ተቀምጬ ባዶውን ግድግዳ ብዙ ሰዓት አየሁት። ኖራው እውነትም ነጭ ነው። አራት ደቂቃ ከሃያ ሦስት ሴኮንዱን በልቤ ቆጠርኩ፤ ሸሚዙን ሰማያዊ አድርጌ ነው ያሰብኩት፣ አንተ ቢጫ ነው ብለኸኛል።

ማየት እፈልጋለሁ። ጆሮዬን የምቀስርባትን ቦታ ማየት እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ደግመህ አምጣልኝ። ቤልጅግም ካናዳም ይጠብቁ። መከልከል እንደማትችል ታውቃለህ። ከዛሬ ጀምሮ ተመልሼ ገብቻለሁ፤ በዚህ ጊዜ በጅግራ አታታልለኝም። የመኪናህን ድምፅ እስክሰማ ድረስ ከጉድጓዱ አልነሳም።

ጌታህ ኖአጋ